የእናቴ እጅ እና የቡሬ ወተት

(አዳማ ላይ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰብ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ የተስተካከለ)

እኔ የዚችው ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ዛሬ ተናጋሪም አስተናጋጅም ነኝ። ለሙቀቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጅማን ዝናብ ለለመደ ሰው አዳማ ትንሽ ታስቸግራለች።

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲለኝ ስለ ለምጽ ለመናገር አሰብኩ። የቆዳ ሐኪም ነኝ፣ በየሳምንቱ የማየው በሽታ ነው። ከዚያ በፊት ግን እናቴን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ስነግራት «ስለ እኔ ልትናገሪ ነው?» አለችኝ። «ከፈቀድሽልኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ስለ ቡሬም ተናገሪ፤ ያስተማረችሽ እሷ ናት» አለች። ቡሬ ላማችን ነበረች። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ለምጽ እና ስለ ላም ነው። እንዴት ይገናኛሉ እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ደግሞስ ይህን ንግግር ሌላ የት እናገረዋለሁ? ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ የተወለደው ከሁለቱ አይደለም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። እኛ የገባነው በዚያው ሰሞን ነበር። የእርሻ ልጆቹን «የላም ዶክተሮች» እያልን ስንቀልድ፣ እነሱ «እናንተ በሽተኛው ሲናገር እንኳን አትሰሙም፣ እኛ ግን የማይናገር በሽተኛ ነው የምናክመው» ይሉን ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ዛሬ አልስቅም፤ ልክ ነበሩ።

ወደ እናቴ ልመለስ። አባቴ የሞተው ገና ትንሽ ሆኜ ነው። እናቴ የነበራትን አጠራቅማ በ1983 ዓ.ም. ከአርሲ በኩል አንዲት ያረገዘች ክልስ ጊደር ገዛች። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ስለነበረች ቡሬ አልናት። በዚያ አካባቢ ክልስ ላም ማግኘት ብርቅ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ የእርሻ ልማት ዩኒት፣ የፈረንጅ ዘር ያለባቸውን ላሞች ለገበሬው ሲያዳርስ ቆይቷል። ቡሬም ከዚያ ዘር የመጣች ትሆናለች። ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከወንጂ በጋሪ የሚመጣ የአገዳ ጫፍ እየበላች ሰፈሩን ሁሉ ወተት አጠጣች። አሥራ ሰባት ቋሚ ደንበኞች ነበሩን።

በ1988 ዓ.ም. የእናቴ ጣቶች ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት ወጣ። ቀጥሎ በአፏ ዙሪያ፣ ከዚያ በዓይኖቿ ዙሪያ። አያምም፣ አያሳክክም። ያመመን ሌላ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ጎረቤታችን ጆጓን መላክ አቆመች። ሌላዋ «ልጆቹ ወተት ጠሉ» አለች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአሥራ ሰባቱ ሦስት ቀሩ። እናቴ የጎማ ጓንት ገዝታ በጓንት ማለብ ጀመረች፤ ቡሬ ጓንቱን አልወደደችውም፣ ትራገጥ ነበር። እኔ ደግሞ ማንም በማያውቀን ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ወተቱን ይዤ እሄድ ነበር። «ማን ነው የሚያልበው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ማለብ እንኳን በደንብ አልችልም ነበር። በዚያ ውሸት ነው ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። የእናቴ ደንበኞች ለምን ፈሩ? አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። ለምጽ የሚለው ቃል በኦሪት ዘሌዋውያን ውስጥ ካህን አይቶ ከሰፈር የሚያስወጣው ደዌ ስም ነው። በዚያ ስም ሥር ብዙ ዓይነት የቆዳ ችግር ሳይታቀፍ አልቀረም። በሕዝባችን አእምሮ ውስጥ ግን ለምጽና የሥጋ ደዌ ተቀላቅለው ቀሩ። ሁለቱ አይገናኙም። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን ሲሆን በአዲስ አበባ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል። የሥጋ ደዌ ምልክት ደብዘዝ ያለ እንጂ ኖራ የመሰለ ነጭ አይሆንም፣ ቦታውም ይደነዝዛል። በለምጽ ቆዳው ፍጹም ነጭ ይሆናል፣ ስሜቱ ግን እንደ ጤነኛ ቆዳ ነው። በጥጥ ጫፍ ነክቶ «ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቋቁቻም ሌላ ነው፣ የፈንገስ ጣጣ ነው፣ ይታከማል። ጅማ ስንማር በየገጠሩ ያየነው፣ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካ በቅልጥም ላይ የሚያወጣው የነብር ቆዳ የመሰለ ዥጉርጉርም ሌላ ነው። የሥጋ ደዌ እንኳን ዛሬ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ ማንም የሚገፋበት ምክንያት የለውም። ለምጽ ደግሞ ጨርሶ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመንካትም፣ በወተትም፣ በአንድ ሳሕን በመብላትም።

ታዲያ ከምን ይመጣል? ቆዳችንን የሚያቀልሙ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የሰውነታችን መከላከያ ሠራዊት በስህተት እነዚህን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃቸዋል። ዋናው አጥቂ ሲዲ 8 የተባለው የቲ ሕዋስ ነው፤ በቫይረስ የተያዘ ሕዋስን ፈልጎ የሚገድለው ያው ወታደር። ይህ ሕዋስ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። በአካባቢው ያሉት ተራ የቆዳ ሕዋሳት ኢንተርፌሮኑን ሲቀበሉ፣ ጃክ በሚባል የውስጥ መስመር በኩል መልእክቱ ተላልፎ ሲኤክስሲኤል 9 እና 10 የተባሉ የጥሪ ምልክቶችን ያወጣሉ። ጥሪውን የሰሙ ሌሎች ቲ ሕዋሳት ይመጣሉ፣ እነሱም ኢንተርፌሮን ይረጫሉ፣ ጥሪው ይብሳል። እንዲህ እየተዞረ ነው ነጩ ቦታ የሚሰፋው። ጥቂቶቹ ቲ ሕዋሳት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ቆዳ ውስጥ ሰፍረው ይቀራሉ። ቀለሙ ተመልሶ ሕክምናው ሲቆም ለምጹ ብዙ ጊዜ በዚያው በድሮ ቦታው የሚመለሰው ለዚህ ነው።

«በዘር ነው?» ብለው ሁሉም ይጠይቁኛል። ዝንባሌው በዘር ይመጣል፣ ዕጣው ግን አይደለም። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንዱ ለምጽ ካለበት ሌላውም የሚኖርበት ከመቶ 23 ያህሉ ብቻ ነው። ዘር ብቻ ቢሆን መቶ በመቶ በሆነ ነበር። ቀሪው ከአካባቢ ነው፦ መፈግፈግ፣ መቁሰል፣ በፀሐይ መቃጠል፣ ኬሚካል። ስለ ኬሚካሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ በተለይ ከሞጆ ለመጣችሁት። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች እጃቸው ነጣ። ሲመረመር ጥፋቱ የቆዳው ማልፊያ ሳይሆን የለበሱት የጎማ ጓንት ሆኖ ተገኘ። ጎማው እንዳያረጅ የተጨመረበት ሞኖቤንዞን የተባለ ኬሚካል ሜላኖሳይትን ይገድል ነበር። ይህን ያነበብኩ ሌሊት የእናቴ ጓንት ትዝ አለኝ። የእሷ ለምጽ ከጓንቱ በፊት የጀመረ ስለሆነ ጓንቱ አመጣው ማለት አልችልም። ግን እጇን ለመደበቅ ስትል በየቀኑ ጠዋትና ማታ ስታፈገፍገው ኖራለች፤ መፈግፈግ ደግሞ ለምጽን ይጋብዛል። ማፈር ራሱ በሽታውን ሊያባብስ እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አላየሁም። እግረ መንገዴን፣ በየሱቁ የሚሸጡትን ስማቸው የማይታወቅ ማንጫ ክሬሞች ተጠንቀቁልኝ። ጃፓንን በሚያህል አገር እንኳን እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ማንጫ ኮስሞቲክስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ለምጽ መሰል ነጭ ምልክት አውጥቶ ከገበያ ተሰብስቧል።

አሁን ኑዛዜ። ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በተመደብኩበት፣ አንዲት ወጣት ሴት ለምጽ ይዛ መጣች። ወረፋው እስከ በር ነበር። ቀና ብዬ አየኋትና «ይሄ አይገድልም፣ አትጨነቂ» ብዬ ሸኘኋት። አልነካኋትም። እኔ፣ የእናቴ ልጅ! ተመልሳ አልመጣችም። «አይገድልም» ያልኩት እውነት ነበር፣ ግን መልስ አልነበረም። እናቴንም አልገደላትም፤ አሥራ አራት ደንበኞች ነው የወሰደባት።

ወደ ላሟ ልሂድ፣ የእርሻ ልጆች ሰዓት እያያችሁ ነው።

አንድ ቀን ከመቂ የመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ትምህርት ቤት ፍሪዥያን ይሉኛል» አለኝ። አብሮን የተማረ፣ ዛሬ በባቱ አካባቢ በእንስሳት እርባታ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ደወልኩለት። ሲስቅ ቆየና «ንገሪው፣ የፍሪዥያን ነጭ ከሱ ነጭ ጋር አይገናኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ጽንሱ ሲያድግ የቀለም ሕዋሳት ከጀርባ መስመር ተነሥተው ወደ ቆዳው ሁሉ ይጓዛሉ። በቡሬና በመሰሎቿ ላይ አንዳንዱ ቦታ ድረስ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ያ ቦታ ከልደት እስከ ሞት ነጭ ነው፣ አይሰፋም፣ አይጠብም። በለምጽ ግን ሕዋሳቱ ደርሰው፣ ሠርተው፣ በኋላ ነው የተገደሉት። ስለዚህም ተስፋ አለው፦ ከጸጉር ሥር ተደብቀው የተረፉ ሕዋሳት ካሉ ተመልሰው ሊወጡ ይችላሉ። ለልጁ ይህን ስነግረው «እኔ ጋ ገና አሉ ማለት ነው?» አለኝ። ጸጉሩ አልነጣም ነበር። «አዎ፣ አሉ» አልኩት።

ከዚያ ወሬ በኋላ ጓደኛዬን ስለ ቡሬ ጠየቅኩት። ቡሬ እኛ ቤት 12 ዓመት ኖራ 9 ጥጃ ወለደች። የጎረቤቶቻችን የፈረንጅ ላሞች ብዙዎቹ በሁለተኛ በሦስተኛ ወሊድ ነበር የሚሸጡት። «የእኛዋ ምን የተለየ ነገር ነበራት?» አልኩት። የሰጠኝን ትምህርት ባጭሩ ላካፍላችሁ፣ ስህተት ካለ የተማሪዋ ነው።

ላም በተፈጥሮዋ ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። በወተት ከብት እርባታ ግን ረጅም ዕድሜ የሚለካው በሞት አይደለም፤ ከበረት በወጣችበት ቀን ነው። ብዙዎቹ ላሞች ደግሞ ሞተው አይወጡም፣ ባለቤቱ ወስኖ ነው የሚያስወጣቸው። በዓለም ዙሪያ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ አለማርገዝ፣ የጡት በሽታ፣ ማነከስ። በረት ውስጥ የሚያቆያት ወተቷ ብቻ ሳይሆን ግቷ ከጉልበቷ በላይ ተንጠልጥሎ መቆየቱ፣ እግሯና ሸኮናዋ ቀጥ ማለቱ፣ በጊዜ ኮርማ መፈለጓና ያለ ብዙ ችግር መውለዷ ነው። ለማሳደግ የወጣባትን ወጪ የምትመልሰው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ወሊድ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ የምትወጣ ላም ኪሳራ ናት። ባደጉት አገሮች ጊደር ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ትወልዳለች፤ የእኛ ክልሶች ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል፣ የሐበሻ ላም ደግሞ ከዚያም ትዘገያለች። የወተት ዕድሜዋ ከመጀመሪያው ነው የሚበላው።

የገረመኝ ግን ይህ ነው። ረጅም ዕድሜ በዘር የሚወረሰው በጣም በጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከአያያዝ ነው። በሆለታ የምርምር ማዕከል የቦረናን ላም ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀሉ ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። በአገራችን ከተገኘው ትምህርት አንዱ፣ የፈረንጅ ደም በጨመረ ቁጥር ወተቱ በአንድ ወሊድ ቢጨምርም፣ መኖና ሕክምና በጎደለበት ቤት ግማሽ ደም ያላት ላም ጠንክራ እንደምትቆይ ነው። ቡሬ ግማሽ ደም ነበረች። እናቴ ደግሞ ሸኮናዋን ታያለች፣ ወለሉን ታደርቃለች፣ ከማለቧ በፊት ግቷን በሞቀ ውኃ ታጥባለች፣ ጨፍና ካላየች አታልብም። አለባዋ እጇ ነጭ የሆነው ሴትዮ፣ የላሟን ጡት ከማንም በላይ ንጹሕ አድርጋ ጠብቃለች።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የሚገናኙት። ደንበኞቻችን የፈሩት የእናቴን እጅ ነው። ከእጇ ምንም ሊይዛቸው አይችልም ነበር። በወተት ሊመጣ የሚችለው ሌላ ነው፦ የከብት ቲቢ እና ብሩሴሎሲስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በመካከለኛው ኢትዮጵያ የወተት ላሞች ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከመቶ 30 ያህሉ የቲቢ ምርመራቸው አዎንታዊ እንደሆነ አሳይቷል። ታዲያ አሥራ ሰባቱ ደንበኞች አንድም ቀን «ላሟ ተመርምራለች ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ወተቱን ሳያፈሉ የሚጠጡም ነበሩ። ያለ ቀለም የሚመጣውን አደጋ ሳያዩ፣ አደጋ የሌለውን ቀለም ሸሹ። እኔም ከማዶ ሰፈር «እኔ ነኝ የማልበው» ስል፣ «አፍሉት» ማለት አልታወሰኝም። አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ከሁለታችን ወገን አንዳንድ ነገር እለምናለሁ።

ከጤና ወገን ለሆናችሁ፦ ለምጽ ያለበት ሰው ሲመጣ በባዶ እጃችሁ ንኩት። በቤተሰቡ ፊት ንኩት፤ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስተምራል። ስሜቱን መርምሩ። የእንቅርት እጢ ምርመራ እዘዙ፤ ለምጽ ያለባቸው ሰዎች የታይሮይድ ሕመም፣ አንዳንዴም የስኳርና የሌሎች ራስን የሚያጠቁ በሽታዎች ዕድላቸው ከፍ ይላል። «መድኃኒት የለውም» አትበሉ። የሚቀቡ ስቴሮይዶችና ታክሮሊመስ አሉ። ናሮውባንድ ዩቪቢ የተባለው የብርሃን ሕክምና በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየተሰጠ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ ፊት በደንብ ይመለሳል፣ የጣት ጫፍ ግን ያስቸግራል፤ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩ። ከላይ ያልኳችሁን የጃክ መስመር የሚዘጋ፣ ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ቅባት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዋጋው ለእኛ በሽተኞች የሚቀመስ አይደለም፣ ግን በሽታው በደንብ መታወቁን ያሳያል። ከፀሐይ ተከላከሉ በሉ፣ የአዳማን ፀሐይ ታውቋታላችሁ።

ከእርሻና ከእንስሳት ወገን ለሆናችሁ፦ ወተት የሚሸጡትን እናቶች ስታሠለጥኑ ስለ ግት ንጽሕናና ስለ ላም ቲቢ ስትናገሩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩልኝ፦ «ለምጽ በወተት አይተላለፍም»። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ከእኔ ይልቅ ይታመናል። እናንተ በረታቸው ድረስ ትገባላችሁ፤ እነሱ ወደ እኔ ክፍል የሚመጡት ብዙ ነገር ካጡ በኋላ ነው።

መምህሮቻችን ደግሞ፦ ጅማ ያስተማረችን ከማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተን ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ስንወጣ ሽንት ቤትና ጉድጓድ ውኃ ቆጥረናል። ለቀጣዮቹ ተማሪዎች ደግሞ ማን ከሰፈሩ ቡና እንደቀረ፣ ማን ጆግ መላክ እንዳቆመ ጠይቀው እንዲመጡ አድርጉልን። ላም ከበረት የወጣችበትን ምክንያት የሚመዘግብ ዘርፍ አለን፤ ሰው ከሰፈሩ የወጣበትን ምክንያት የሚመዘግብ ግን አላየሁም።

ቡሬን በ1995 ዓ.ም. ሸጥናት። መክና ነበር፣ እኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፣ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር። እናቴ ላሟ ስትወጣ ላለማየት ጓሮ ገብታ ቆየች አሉ። እኔ ጅማ ነበርኩ።

ያንን ውሸቴን ለእናቴ የነገርኳት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ቡና እያፈላች ነበር። ከማዶ ሰፈር «እኔ ነኝ የማልበው» እል እንደነበር ስነግራት ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች። «አንዷ ደንበኛሽ ገበያ አግኝታኝ፣ ልጅሽ ጎበዝ አላቢ ናት ብላኛለች።» «ምን አልሻት?» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት አልኳት» አለችና ቡናውን ቀዳችልኝ።